ወሬው ቡናው እስኪፈላ ይቆይ

አክንባሎውን ክፈቺው፤ እንጀራው ዳር ዳሩን ተነሥቷል። ስልኩንም እዚያ መደቡ ላይ አድርጊው። በአንድ እጅ ምጣድ በሌላው ቲክቶክ ተይዞ ደህና እንጀራ አይወጣም። አብሽሪ እህቴ፣ ልቆጣሽ አይደለም። ሰሞኑን ሳይሽ የከረምኩት ነገር ስላለ ነው። እጅሽ ሥራውን ይሥራ፣ ጆሮሽን ብቻ ስጪኝ።

የፈተናው ውጤት ከመጣ ወዲህ ከስልክሽ ጋር ነው የምታድሪው። ይገባኛል። አሥራ ሁለት ዓመት ተምሮ በአንድ ቀን «አላለፍሽም» መባል ያማል፤ ጎረቤቱም «ስንት አመጣሽ?» ማለቱን አይተውም። ግን እስኪ ቁጥሩን እዪው፦ በ2017 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 8.4 በመቶ ብቻ ናቸው። በ2014 እና በ2015ማ 3 በመቶ ገደማ ነበሩ። ከመቶ ተማሪ ዘጠና አንዱ ሲቀር ጥፋቱ የአንቺ ስንፍና ብቻ ነው ብሎ የሚፈርድ ሰው ካለ አትስሚው። እናንተ ደግሞ ጦርነቱ ሲመጣ ትምህርት ቤት እየተዘጋባችሁ፣ ሲከፈትም አስተማሪ እየጎደላችሁ ነው እዚህ የደረሳችሁት። አንገትሽን አትድፊ። እኔን ያስጨነቀኝ ፈተናው ሳይሆን ከፈተናው በኋላ ውሎሽን ማን እየመራው እንደሆነ ነው።

ጠዋት ዓይንሽን ስትገልጪ መጀመሪያ የምታነሺው ስልኩን ነው። ፊትሽን ሳትታጠቢ የዱባይ ሠርግ፣ የሱዳን ጦርነት፣ የማታውቂያት ሴት ከባሏ ጋር ጠብ፣ የሞተ ሕፃን ፎቶ፣ አዲስ የሹሩባ አሠራር ሁሉም አንድ ላይ ይወርድብሻል። በየትኛው እንደምታዝኚ፣ በየትኛው እንደምትስቂ ሳትለዪ ቁርስ ይደርሳል። ከዚያ እማ ስትጠራሽ ትበሳጫለሽ። እማ ምንም አላደረገችሽም፤ አንቺ ግን የሦስት አገር ሐዘን ተሸክመሽ ነው ወደ ጓዳ የገባሽው። ኢንተርኔቱ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ለወራት ጠፍቶ በነበረ ጊዜ ስንት ነገር እንደተቸገርን አውቃለሁ፤ ብር መላክ አልቻልንም፣ የዘመድ ድምፅ ናፈቀን። እንዲመለስ የጸለይነው ግን ለዚህ ይመስልሻል?

ወሬ አትስሚ ማለቴ ደግሞ አይደለም። የወሎ ልጅ ሆኖ እንዲህ ያለ ምክር የሚመክር የለም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ሰዉ ከየመንደሩ ወጥቶ በዚሁ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚያልፈው መንገድ ዳር ሲወድቅ፣ ወሬው እንዳይወጣ በመንግሥት ታፍኖ ነበር። ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ መጥቶ ቀርጾ፣ በጥቅምት 1966 በአገሩ ቴሌቪዥን ባያሳየው ኖሮ ስንቱ ተጨማሪ ሰው እንደሚያልቅ አላህ ነው የሚያውቀው። በ1977ም እንዲሁ ነው፤ ማይክል በርክና መሐመድ አሚን የኮረምን መጠለያ ቀርጸው በጥቅምት ወር በቢቢሲ ሲታይ ነው ዓለም ደንግጦ የተነሣው። እማ ያንን ዘመን በዓይኗ አይታዋለች። እኛ አገር በጊዜው የተነገረ እውነተኛ ወሬ ነፍስ አትርፏል። አንቺ ግን ጣትሽን እየገፋሽ ብቻ ታሳልፊዋለሽ፤ ከዚያ ደግሞ ሳታነቢው ለአሥር ሰው ትልኪዋለሽ። የሚከፋኝ ይሄ ነው።

በ2013 ዓ.ም. መኸር አንበጣው የወረደ ጊዜ ትዝ ይልሻል? ማሽላውና ጤፉ ለአጨዳ ሲቃረብ ነበር። ያኔ ሰው የሚላላከው «ከዚህ በኩል ተነሥቷል፣ አሁን እዚያ ቀበሌ ሰፍሯል፣ ነፋሱ ወደ እናንተ ነው» እያለ ነበር። ያንን የሰማ ጅራፉንና ቆርቆሮውን ይዞ ማሳው ላይ ይደርሳል። ወሬው የት እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ፣ ማን እንዳየው ይናገር ነበር፤ የሰማው ሰውም ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቅ ነበር። አሁን ስልክሽ ላይ «ሰበር ዜና» እያለ የሚጮኸውን በዚህ መዝኚው። የት? መቼ? ማን አየው? መልስ ከሌለው አንቺ ዘንድ ይቁም፤ ወደ ሌላ ሰው እንዳይሻገር።

ባለፈው «መርሳ መውጫ ላይ መኪና ተገለበጠ» የሚል ፎቶ ከስልክ ስልክ ሲዞር የጎረቤታችንን ሁኔታ አይተሻል። ልጇ ከወልድያ እየመጣ ነበር። ነጠላዋን እንኳ ሳታነሣ ደጃፍ ላይ ነው የወደቀችው። ልጁ ቆይቶ ከባጃጅ ወርዶ፣ የገዛውን ሙዝ እንደያዘ ሲገባ ሰው እንደገና አለቀሰ። ፎቶውን ተቀብዬ አጉልቼ ሳየው መንገዱ ዳር ያለው ሰሌዳ የተጻፈበት ፊደል የእኛ አልነበረም። አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ከመላኩ በፊት ሰሌዳውን ቢያነበው ኖሮ ያቺ እናት ያን ያህል ባልተንገላታች ነበር።

ትልቁን የአገር ወሬ ደግሞ ከጓዳሽ ጋር እያገናኘሽ ስሚው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የምንዛሬውን ተመን ለገበያ ሲለቀው አንቺ «የዶላር ነገር እኔን ምን አገባኝ?» ብለሽ አለፍሽው። ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ሲያልፍ ዘይቱም ሳሙናውም አብሮ ወጣ፤ እማም ወጡ ላይ ዘይት መቀነስ ጀመረች። ያ ዜና እዚህ ድስት ውስጥ ነው የደረሰው። ስለዚህ አንድ ደብተር ያዢ። የትምህርት ቤት ደብተርሽ ጀርባው ባዶ ነው፤ እሱ ይበቃል። በየገበያው ቀን የጤፉን፣ የዘይቱን፣ የቀይ ሽንኩርቱን ዋጋ ጻፊ። ሂሳብ ከሁላችንም ትሻያለሽ።

ሽንኩርቱን ያነሣሁት በምክንያት ነው። መንደራችን ግራና መስኖ አላት፣ ምድሯም አይሰስትም። ችግሩ ሁሉም ሰው በአንድ ሰሞን ተክሎ በአንድ ሰሞን ማንሣቱ ነው። ዋጋው ሲወድቅ ደላላው ማሳው ዳር ቆሞ «ዛሬ ካልሸጣችሁ ነገ አልወስደውም» ይላል፤ አባም የለፋበትን በማይረባ ዋጋ ይለቀዋል። አባ የወልድያውን ዋጋ አያውቅም፣ የደሴውን አያውቅም። አንቺ ግን በዚያ ስልክ በአምስት ደቂቃ ታውቂዋለሽ፤ ወልድያ አክስታችን አለች፣ ደሴ የትምህርት ቤት ጓደኛሽ አለች። 8028 የሚባለው የገበሬዎች መስመር ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የተከፈተው እንደ አባ ላለ ገበሬ ነው፤ ደውለሽ በአማርኛ ስለ ሰብሉ ምክር ትሰሚያለሽ። ስሪንቃ የምርምር ማዕከሉ እዚሁ ወረዳችን ውስጥ ነው፤ አቀንጭራ የሚቋቋም የማሽላ ዘር አውጥተዋል። ደብተሩ አንድ ዓመት ሲሞላው አባ ከመትከሉ በፊት አንቺን ነው የሚጠይቀው። ያ ቀን ሲመጣ ማንም «ቤት ተቀምጣ ቀረች» አይልሽም።

አሁን ስለ እጅሽ ልንገርሽ። ወንድማችን ማታ ማታ ኳስ ሜዳ ይወጣል፤ ላቡን አድርቆ ሲመለስ ፊቱ ይፈካል፣ «ሥራ ፈታህ» የሚለውም የለም። አንቺም የራስሽ የምትይው ነገር ያስፈልግሻል። ማንም ያላዘዘሽ፣ ካልሠራሽውም ማንም የማይቆጣሽ፣ ስትሠሪው ግን ልብሽ የሚያርፍበት። እማ ግድግዳው ላይ የሰቀለቻቸውን ሰፌዶች እዪ። ትልቁን የሰፋችው አንቺን አርግዛ ነው። ስፌት ከእሷ ተማሪ፤ ዓይኗ ሳይደክም አሁን ተማሪ።

ደገኞቹ ስንደዶና አክርማ ይዘው ገበያ ሲወርዱ ለመጀመሪያ የሚበቃሽን ብቻ ግዢ። ሣሩን ውኃ ነክረሽ አቆዪው፤ ደረቁን ከሰፋሽው ይሰባበርብሻል። መጀመሪያዋን ዙር በጣም ጠበቅ አድርገሽ ጠቅልያት፤ መሐሉ የላላ ሰፌድ ዳሩ አይቀናም። ወስፌውን ከታችኛው ዙር አሳልፈሽ ሣሩን ስትስቢው ግራ አውራ ጣትሽ ተጭኖ ይያዘው። መጀመሪያ ጣትሽ ይቆስላል፤ ጫፏን በጨርቅ ጠቅልያት። ቀለም የገባውን ሣር ስታስገቢ ቁጠሪ፤ ሳትቆጥሪ የጀመርሽው ጌጥ ሦስተኛው ዙር ላይ ይዛነፋል፣ ያኔ ፈትቶ ከመመለስ ሌላ መፍትሔ የለውም። ስትፈቺው አትናደጂ። እማ ስንት ጊዜ እንደፈታች ጠይቂያት።

ሌላም ጥቅም አለው። ስፌት የያዘ እጅ ስልክ አያነሣም፤ አፍና ጆሮ ግን ነፃ ናቸው። ሴቶቹ ከሰዓት ጥላው ሥር ሲሰበሰቡ ስፌትሽን ይዘሽ ብትቀላቀያቸው ማን እንደወለደች፣ የማን ልጅ እንደታመመ፣ የትኛው ጉድጓድ ውኃው እንደቀነሰ ትሰሚያለሽ። ያ የአካባቢሽ ዜና ነው፤ ስትሰሚው ተነሥተሽ የምታደርጊው ነገር አለው። አራሷን ትጠይቂያለሽ፣ ለታመመው ሾርባ ትወስጂለታለሽ።

የሩቁን ወሬ ለማታ ቡና አቆዪው። አቦሉ እስኪፈላ ስልኩ አይነሣ። ሬዲዮኑንም ክፈቺው፤ አባ የጀርመን ድምፅን ማዳመጥ የለመደው ከወጣትነቱ ነው፣ ጣቢያው በአማርኛ ከ1957 ጀምሮ አለ። አንቺ ያነበብሽውን ተናገሪ፣ አባ የሰማውን ይናገር፣ እማ ደግሞ የምታስታውሰውን ትጨምርበታለች። ሦስቱ ሲገናኙ ውሸቱ ቶሎ ይለያል። የሚያስፈራ ነገር ቢሆንም ብቻሽን በብርድ ልብስ ውስጥ ሆነሽ ከምታነቢው በሰው መሐል ብትሰሚው ይቀላል። በረካው ሲጠጣ ወሬው ያብቃ፤ ዱዓ ተደርጎ ይተኛ። ያኔ እንቅልፍሽም ይመለሳል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሰሞኑን ከጅዳ የምትደውልልሽን ልጅ ነገር አውቃለሁ። አትደንግጪ፣ ለእማ አልነገርኩም። «ብሩን ስትደርሺ ትከፍያለሽ፣ መንገዱን የሚያውቅ ሰው አለ» እንዳለችሽም ሰምቻለሁ። መሄድ ኃጢአት ነው አልልሽም፤ በዚህ ቀበሌ ስንቱ ቤት በአረብ አገር ብር ቆርቆሮ ለብሷል። እሷ የምትልሽን መንገድ ግን ጠይቂ። በአፋር ተሻግሮ ጅቡቲ፣ ከኦቦክ በጀልባ የመን፣ ከዚያ የሳዑዲ ድንበር። ሐምሌ 27 ቀን 2017 ከየመን ዳርቻ የሰመጠችው ጀልባ ከ150 በላይ ሰው ጭና ነበር፣ አብዛኞቹ የእኛው አገር ልጆች። ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2015 ባወጣው ሪፖርት ደግሞ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በአንድ ዓመት ከጥቂት ወራት ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን ድንበሩ ላይ መግደላቸውን ጽፏል። «ስትደርሺ ትከፍያለሽ» ማለት የመን ላይ ታግቶ ቤተሰብ ላሙንና መሬቱን እስኪሸጥ መደብደብ ማለት የሆነባቸው ስንት ቤቶች እዚሁ አሉ፤ አንቺም ታውቂያቸዋለሽ።

ልጅቷ ትዋሽሻለች ማለቴ አይደለም። እሷም እንደተነገራት ነው የምትነግርሽ። ስትደውል እንደ አንበጣው ወሬ ጠይቂያት፦ በየት ነው የሚያልፈው? የመጨረሻው ሰው የደረሰው መቼ ነው? ስሙ ማን ነው፣ ድምፁን አሰሚኝ በያት። ስልኩን ዘግታ «በኋላ እደውላለሁ» ካለች መልሱን አግኝተሻል። መሄድ የግድ ካልሽ ደግሞ ፈቃዱን የሚያሳይ ኤጀንሲ እንፈልጋለን፤ ሥልጠናውን ትወስጃለሽ፣ ውሉን ቁጭ ብለን ቃል በቃል አብረን እናነባለን፣ የምትሄጂውም በአውሮፕላን ነው። ፈተናውን መልሼ ልውሰድ ካልሽም የመመዝገቢያውን እኔ እከፍላለሁ፤ ደብተሩና ስፌቱ እስከዚያ አይጠፉም።

አንድ ነገር ብቻ ቃል ግቢልኝ። ለዚያች ልጅ «እሺ» ከማለትሽ በፊት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ መጥተሽ ቀስቅሺኝ። አልቆጣሽም።