«ገለልተኛ ተቋም አጥንቶታል» ሲባሉ ማወቅ ያለብዎ

አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን በምርጫ ሰሞን ስለ ግብር፣ ስለ ኢሚግሬሽን ወይም ስለ ጤና መድን ሲከራከሩ፣ አንዱ ይነሣና «ከፓርቲ ነፃ የሆነ ተቋም አጥንቶታል» ይላል። ያን ጊዜ ሁሉም ዝም ይላል። ዝም ሊባል ግን አይገባም። ጥናቱን አምነው ድምፅዎን ከመስጠትዎ በፊት ጥቂት ነገር ይጠይቁ።

መጀመሪያ፣ «ከፓርቲ ነፃ» ማለት ምን ማለት ነው? የአሜሪካ ሕግ ከ1954 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከግብር ነፃ የሆኑ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ለዕጩ እንዳይቀሰቅሱ፣ ዕጩንም እንዳይቃወሙ ይከለክላል። ስያሜው ብዙውን ጊዜ ከዚህ አያልፍም። አቋም የላቸውም ማለት አይደለም። ሄሪቴጅ ፋውንዴሽን የተባለው የጥናት ተቋም በ1981 ለፕሬዚዳንት ሬገን አስተዳደር ወግ አጥባቂ የፖሊሲ ዕቅድ አዘጋጅቶ አቅርቧል፤ በግብር ሕጉ ዓይን ግን ብሩኪንግስ ከተባለው ሌላ የጥናት ተቋም ጋር በአንድ መደብ ነው።

ማን ይከፍላል? ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። ብሩኪንግስ መነሻው በ1916 የተቋቋመ የመንግሥት አሠራር ጥናት ተቋም ነው፤ የ1921ዱ የፌዴራል በጀት ሕግ እንዲወጣ ምሁራኑ ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። እንዲህ ያለ አንጋፋ ቤት እንኳ ከጥያቄ አላመለጠም። በ2014 ኒው ዮርክ ታይምስ፣ ኳታር ለተቋሙ በአራት ዓመት የሚከፈል 14.8 ሚሊዮን ዶላር ለመስጠት መስማማቷን ጻፈ። ተቋሙ ገንዘቡ በምሁራኑ ሥራ ላይ ተጽዕኖ እንደሌለው አስታወቀ። እኔ እንደማምነው ገንዘብ የግድ ውሸት አያጽፍም፤ የቱ ጉዳይ እንደሚጠና፣ የቱ ደግሞ ሳይነካ እንደሚቀር ግን ሊወስን ይችላል። ስለዚህ የተጻፈውን ብቻ ሳይሆን ያልተጻፈውንም ይፈልጉ።

ስሌቱስ? መረጃው ከየት እንደመጣና ምን ታሳቢ እንደተደረገ ካልተገለጸ፣ ቁጥሩ የቱንም ያህል ቢያምር አይያዙት።

የአገር ቤት ጥናት ሲያነቡም ያው ነው። የፖሊሲ ጥናት ኢንስቲትዩት የመንግሥት ነው፤ የኢትዮጵያ ኢኮኖሚክስ ማኅበር ደግሞ የባለሙያዎች ማኅበር። ሁለቱም ጥሩ ጥናት ሊያወጡ ይችላሉ፤ የመንግሥትን ፖሊሲ ሲተቹ የሚገጥማቸው ግን አንድ አይደለም።

በመጨረሻ፣ ተቋሙ የራሱን ደጋፊዎች የሚያስከፋ ውጤት አሳትሞ ያውቃል? ዓመታዊ ሪፖርቱን ይክፈቱና የለጋሾቹን ዝርዝር ያንብቡ። ዝርዝሩ ከሌለ፣ እባክዎ ጥናቱን ለሌላ ሰው አይላኩ።