ትምህርት በሰሚው ልክ

ሐኪም በሽተኛውን ሳይመረምር መድኃኒት አያዝም። ጸሓፊና ሰባኪም ቃሉን የሚቀበለው ማን እንደ ሆነ፣ ቃሉም ስለ ምን ጉዳይ እንደሚነገር አስቀድሞ ሳይመረምር ብዕሩን ሊያነሣ ወይም አፉን ሊከፍት አይገባውም። እውነት አንዲት ናት፤ የምትቀርብበት መልክ ግን እንደ ሰሚውና እንደ ጉዳዩ ይለያያል።

ለዚህ ነገር ቅዱስ ጳውሎስ መምህራችን ነው። በጲስድያ አንጾኪያ በአይሁድ ምኵራብ በተናገረ ጊዜ (የሐዋ. ሥራ 13) እስራኤል ከግብፅ የወጡበትን ታሪክ አስቀድሞ ከዚያ ወደ ዳዊት፣ ከዳዊትም ወደ ክርስቶስ አደረሳቸው፤ ሰሚዎቹ ሕግንና ነቢያትን ያውቁ ነበርና። በልስጥራን ግን (ምዕ. 14) ለሐዋርያት ሊሠዉ ለተነሡ ሰዎች የተነገረው ስለ ዝናምና ስለ ፍሬ ወራት ነበር፤ መጽሐፍ ባያነቡም ሰማይ ሲዘንብ፣ ምድርም ስታፈራ ያያሉና። በአቴና ደግሞ (ምዕ. 17) ለማይታወቅ አምላክ የተሠራውን መሠዊያ የነገሩ መነሻ አደረገ፤ የራሳቸውን ባለቅኔዎች ቃልም ጠቀሰላቸው።

ይሁን እንጂ በሰሚው ልክ መናገር ማለት ሰሚውን ደስ የሚያሰኘውን ብቻ መናገር ማለት አይደለም። የሙታን ትንሣኤ ለአንዳንዶቹ የአቴና ሰዎች መሳለቂያ ሆነባቸው፤ ሐዋርያው ግን አልሸሸገውም። ዲዮናስዮስና ደማሪስ የተባለች ሴት ያመኑትም ይህን ካስተማረ በኋላ ነው። እንግዲህ የሚለወጠው የነገሩ መግቢያና ልብሱ ነው እንጂ ሃይማኖቱ አይደለም።

አባቶቻችንም ይህን ሥርዓት ጠብቀዋል። የአንዱን የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ነገር ብንመለከት ገድላቸው በሰፊው ይተርካል፤ ምእመናን ተቀምጠው ተጋድሏቸውን እንዲሰሙ ነውና። ስንክሳር ነሐሴ 24 ቀን ዕረፍታቸውን በአጭሩ ያነሣል፤ የዕለት ንባብ ነውና። መልክአቸው ግን ከራስ ጠጕር ጀምሮ አካላቸውን እየተሳለመ በግጥም ያወድሳል፤ ጸሎት ነውና። ቅዱሱ አንድ ሲሆኑ መልኩ ሦስት የሆነው ስለ አገልግሎቱ ነው። መጻሕፍትን በሚተረጕሙበትም ጊዜ የግእዙን ንባብ ሳይነኩ «አንድም» እያሉ በአማርኛ ምሥጢሩን ለተማሪው ገልጠዋል።

ይህን መዘንጋት ግን ነፍስን ይጐዳል። ልጅዋን የቀበረች እናት በተቀመጠችበት የለቅሶ ቤት ሰባኪው ረቂቅ ክርክር ቢያነሣ፣ የቅኔ ዕውቀቱንም ቢያሳይ፣ ሊቃውንቱ ያደንቁት ይሆናል፤ እናቲቱ ግን ሳትጽናና ትቀራለች። በውጭ አገር ተወልደው አማርኛን በጥቂቱ ብቻ ለሚሰሙ ልጆችም በግእዝ ጥቅስ የተሞላ ስብከት ቢሰበክላቸው፣ ቤተ ክርስቲያንን እንደ እንግዳ ቤት አይተው እንዳይርቁ ያሰጋል። ጥፋቱ የግእዙ ወይም የቅኔው አይደለም፤ ያለ ቦታው ያዋለው ሰው ነው።

ስለዚህ ወንድሞቼ ካህናትና መምህራን ሆይ፥ ለማን ነው? ስለ ምን ነው? በየትስ ይነገራል? ብለን አስቀድመን ራሳችንን እንጠይቅ። ቅዱስ ጳውሎስ ስለ አናሲሞስ ለፊልሞና በጻፈ ጊዜ ማዘዝ ሲቻለው ስለ ፍቅር መለመንን መረጠ፤ ያችም መልእክት 25 ቍጥር ብቻ ናት። ለሮሜ ሰዎች 16 ምዕራፍ የጻፈው እርሱ ለወዳጁ ጥቂት ቃል የበቃው ልቡን ስላወቀ ነው። ሰሚውን ማወቅ ደግሞ ከፍቅር የሚገኝ ነውና፥ ቃልን ከማሳመር በፊት ሰውን መውደድ ይቀድማል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።