ድመት ለምን ትነክሳለች?

ጎተራ ካለ አይጥ አለ፤ አይጥ ካለ ድመት ታስፈልጋለች። ባረፍኩበት ቤትም አንዲት ድመት አለች። ስሟ እንደ ብዙዎቹ ድመቶች ውሮ ነው።

አንድ ማታ ስድስት ዓመት የሚሆነው የቤቱ ልጅ ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ በእጁ ያጫውታታል። ጣቶቹን ያወዛውዛል፤ ሆዷን ይኮረኩራል። እሷም ያዝ ለቀቅ ታደርገዋለች። ድንገት ልጁ "ውይ!" ብሎ ጮኸ። አውራ ጣቱ ሥር ነክሳው ደም ወጣ። አባትየው ዱላ አነሡ። "ይቺ ከይሲ! ዛሬ አልምራትም!" አሉ። እናትየው ደግሞ ቁስሉ ላይ ሊደፉበት የቡና ዱቄት ፈለጉ።

"ጋሼ፣ ዱላውን ያቆዩት። እትዬ፣ ቡናውን ይተዉትና ውሃና ሳሙና ያምጡልኝ" አልኩ። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ልንገራችሁ።

ድመት አዳኝ እንስሳ ናት። ያደገች ድመት 30 ጥርስ አላት። አራቱ ክራንቻዎቿ እንደ መርፌ የሾሉ ናቸው። የሚንቀሳቀስ ትንሽ ነገር ስታይ ታደባለች፣ ትዘላለች፣ ትይዛለች። ማታ ከጋቢ ሥር የእግራችሁን ጣት ስታንቀሳቅሱ ዘላ የምትይዘው ጠልታችሁ አይደለም። አይጥ መስሏት ነው።

የድመት ልጆች እርስ በርስ ሲታገሉ አይታችኋል። አንዱ አጥብቆ ሲነክስ ሌላው ይጮኻል፤ ጨዋታውም ይቆማል። እንዲህ እያሉ ንክሻን መቆጠብ ይማራሉ። ስምንት ሳምንት ሳይሞላት ከእናቷ የተነጠለች ድመት ግን ይህን ትምህርት ሳትጨርስ ነው ወደኛ የመጣችው። በዚያ ላይ ጣታችንን መጫወቻ እናደርግላታለን። ትንሽ ሳለች ንክሻዋ ያስቃል፤ ስታድግ ያደማል። ጥፋቱ የማን ነው? እኔ የእኛ ነው እላለሁ።

ስለዚህ እጃችሁን ለጨዋታ አትስጧት። ክር ጫፍ ላይ ቁራጭ ጨርቅ አስሩና ጎትቱላት፤ እሱን ታድን። ጨዋታው ሲያልቅ ክሩን አንሡት፤ ከዋጠችው አንጀቷን ይጎዳል።

ድመት ብዙውን ጊዜ ሳታስጠነቅቅ አትነክስም። ስትደባብሷት ኹር ኹር ትል የነበረችው ዝም ትላለች። ጅራቷን ወዲያና ወዲህ ታማታለች። ጆሮዋን ወደ ኋላ ትለጥፋለች። የጀርባዋ ቆዳ ዝንብ እንዳረፈበት የበሬ ቆዳ ይንቀጠቀጣል። "በቃኝ" ማለቷ ነው። ውሻ ጅራቱን ሲቆላ ብዙውን ጊዜ ደስ ብሎት ነው፤ ውሻ የለመደ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። የወለደች ወይም የሚያማት ድመትም ቶሎ ትነክሳለች።

ከያዘቻችሁ እጃችሁን አትመንጭቁ። የሚሸሽ ነገር ለእሷ አይጥ ነው፤ አጥብቃ ትይዘዋለች። ዝም ብላችሁ ቆዩ፤ ስትለቅ ተነሥታችሁ ሂዱ። ዱላስ? ጋሼ "ሳትመታ በምን ታውቃለች?" ብለው ተከራክረውኛል። ድመት ግን ለምን እንደተመታች አይገባትም። የሰው እጅ እንደሚያሳምም ብቻ ትይዛለች። ሌላ ቀን እጅ ሲዘረጋባት ቀድማ ትነክሳለች።

አሁን ወደ ልጁ ቁስል እንመለስ። የድመት ጥርስ ቀጭን ስለሆነ ቀዳዳው ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ጥልቅ ነው። በአንድ ቀን ውስጥ እጅ ሊያብጥና ሊመግል ይችላል። ከሁሉም የከፋው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ስሙ የውሻ ይሁን እንጂ ድመትንም ይይዛል፤ በንክሻዋም ወደ ሰው ይተላለፋል። ምልክቱ በሰው ላይ እስኪታይ ሳምንታት ወይም ወራት ይወስዳል። ከታየ በኋላ ግን የሚያድን መድኃኒት የለም። መከላከያው ከዚያ በፊት ነው። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር በ1885 እ.ኤ.አ. ውሻ የነከሰውን የ9 ዓመት ልጅ ከተበው፤ ልጁም ተረፈ።

እንግዲህ ድመት የነከሰችው ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ይጠብ። ሰዓት የሌለው ጀበና ቡና እስኪፈላ ያህል ይጠብ። ቡና፣ ቅቤ፣ አመድ አይደረግበትም። ከዚያ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ክትባቱ በአንድ ቀን አያልቅም፤ ሐኪሙ ባዘዘው ቀን ሁሉ መመለስ ያስፈልጋል።

ድመቷን አትግደሏት። 10 ቀን ዘግታችሁ ጠብቋት። በእነዚህ ቀናት ካልታመመች፣ በነከሰችበት ጊዜ በሽታው በምራቋ ውስጥ አልነበረም ማለት ነው። ይህን ለሐኪሙ ንገሩት፤ ክትባቱን የሚያቆም እሱ ነው። ይህን ጥበቃ ግን ምክንያት አድርጋችሁ ክትባቱን እንዳታዘገዩ። ለማዳ የነበረች ድመት ሳይነኳት ሰው ላይ ከዘለለች፣ ለሃጯ ከተዝረበረበ፣ ድምጿ ከተለወጠ ወይም ከተንገዳገደች በባዶ እጅ አትንኳት።

የእኛን ልጅ ጎህ ሲቀድ አባቱ በበቅሎ ጤና ጣቢያ አደረሱት። ውሮም ጓዳ ተዘግቶባት 10 ቀን ቆየች። በ11ኛው ቀን በሩ ሲከፈትላት በቀጥታ ወደ ጎተራው ሄደች። ልጁ አሁን የሚያጫውታት በክርና በጨርቅ ነው። ጋሼ ግን ዱላውን ከበሩ ኋላ አላነሡትም። "ለጅብ ነው" ይላሉ።