የብረት ጎተራ ስታሠሩ መስፈርቱን እስከ መጨረሻው ተከታተሉ

የብረት ጎተራ ስታዩ ብዙዎቻችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት ስንት ኩንታል እንደሚይዝ ነው። ጎተራው የተፈለገው ግን ነቀዝ እህሉን እንዳይጨርስ ነው። ነቀዝ ያለ አየር አይኖርም፤ ስለዚህ ዋናው መስፈርት ጎተራው አየር አለማስገባቱ ነው።

ይህን መስፈርት በንድፉ፣ በሙከራውና በምርቱ ላይ እየፈለጋችሁ ተከታተሉት። በንድፉ የላሜራው መጋጠሚያ ታጥፎ በስታኞ ይደፈናል። የመክተቻውና የማውጫው አንገት ደግሞ ረዘም ይላል፤ ክዳኑ ከተገጠመ በኋላ የካለመዳሪያ ቁራጭ ይጠመጠምበታልና።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በምከታተለው አካባቢ አንድ አርሶ አደር በኅዳር ያስገባውን በቆሎ በሰኔ ሲከፍተው ዱቄት ሆኖ አገኘው። ቤተሰቡ ክረምቱን የሚሻገርበት እህል ነበር። ሳይደርቅ አስገብቶት ይሆናል ተባለ፤ እኔም እንዲያው አልኩ። ነገር ግን ከዚያው አውድማ ወደ ወንድሙ ጎተራ የገባው በቆሎ ደህና ነበር። ሁለቱን ጎተራዎች ስናስተያይ፣ በማሠልጠኛ ማዕከሉ ተሞክሮ ያለፈው የወንድሙ አንገቱ ረጅም ነው፤ በኋላ የተሠራው ግን ላሜራ ለመቆጠብ አጥሯል፣ ጎማው የሚይዝበት ቦታ የለውም። የተሞከረው አንድ፣ የተሸጠው ሌላ ሆነ። አንገቱ ለምን እንደሚረዝም ያስረዳው ስላልነበረ በሠሪው ብቻ አልፈርድም።

ስለዚህ የናሙናው ሙከራ አይብቃችሁ። ቀሪውን ሂሳብ ሳትከፍሉ የራሳችሁን ጎተራ ፈትሹ። ማታ የበራ የእጅ ባትሪ ውስጡ አስቀምጣችሁ ክዳኑን ዝጉና ዙሪያውን እዩ። ብርሃን የወጣበት ቦታ ይደፈን። ጎማውንም በእጃችሁ ጠምጥማችሁ መያዙን አረጋግጡ።

እህሉ ደርቆ ከገባ በኋላ አናቱ ላይ በቆርቆሮ ሳህን ሻማ ለኩሱና ክዳኑን በጎማ እሰሩ። ሻማው ኦክስጅኑን ይቀንሰዋል፤ የቀረውን ነቀዙ ራሱ እየተነፈሰ ይጨርሰዋል። ለዚህም ቢያንስ አንድ ወር አትክፈቱት። ሻማው ጠፋ ማለት ግን ጎተራው አያስገባም ማለት አይደለም፤ ትንሽ ቀዳዳ ባለው ውስጥም ይጠፋል።

ሠሪው የተሠራበትን ቀንና ተራ ቁጥር በጎተራው ላይ በቀለም ይጻፍ። እናንተም ቁጥሩን ለልማት ጣቢያ ሠራተኛችሁ አስመዝግቡ፤ አንዱ አየር ሲያስገባ ከተገኘ አብረውት የተሠሩትን ፈልገን እህሉ ሳይበላ እንደርሳለን።