የሚንጠባጠበው እዚህ፣ የገባው ወዲያ

ፍኖተ ሰላም፣ ሐምሌ፣ ዝናቡ ጋብ ያለበት ከሰዓት። ወጣቱ ከቡሬ ተሳፋሪ ጭኖ የመጣ የሚኒባስ ሹፌር ነው። አዛውንቱ ዕድሜያቸውን በባትላሜራነት የጨረሱ ሰው ናቸው፤ አሁን መዶሻ ባያነሱም ሰፈሩ ሁሉ መኪናውን ይዞ እሳቸው ደጅ ይቆማል።

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ ይህቺ ዶልፊን ልታዋርደኝ ነው። ዛሬ መሃል ወንበር ላይ የነበሩ አንዲት እናት ጃንጥላ ዘረጉብኝ። መኪና ውስጥ!

ጋሼ፦ ታዲያ ምን ያድርጉ? ከፍለው ተሳፍረው ይበስብሱ? ከየት ነው የሚንጠባጠበው?

ወጣቱ፦ ከጣሪያው መብራት ዙሪያ። ሲሊኮን ገዝቼ ዙሪያውን ልለጥፈው ነው፤ እርስዎ ደግሞ እጅዎ ስለሚያምር...

ጋሼ፦ እጄን ተወው። መብራቱ ከላይ የተበሳ ነገር አለው?

ወጣቱ፦ የለውም።

ጋሼ፦ እንግዲያው ውኃው በሌላ በኩል ገብቶ፣ በጣሪያው ላሜራና በልባሱ መሃል ተጉዞ፣ ቀዳዳ ሲያገኝ ወረደ ማለት ነው። የቆርቆሮ ቤት ስታፈስ አይተህ የለም? ሚስማሩ የላላው ጓዳ በኩል ነው፣ የሚንጠባጠበው ግን ማገሩን ይዞ ሄዶ አልጋህ ላይ ነው። መብራቱን ብታሽገው ውኃው ልባሱ ውስጥ ይጠራቀምና በሌላ በኩል ይወርዳል፤ መብራቱ ካለበት ከሽቦው ጋር ይገናኛል። እስቲ ልጠይቅህ፤ ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ስትወርድ የት ያፈሳል?

ወጣቱ፦ በነቀምቴ መንገድ? ያን ጊዜማ ፊት ለፊት፣ እኔ ጭንቅላት ላይ።

ጋሼ፦ አየህ፣ ቦታ ይቀይራል። ቦታ የሚቀይር ውኃ ከላይ የተኛ ውኃ ነው። መሬቱ ብቻ ረጥቦ ጣሪያው ደረቅ ቢሆን ሌላ ጨዋታ ነበር።

ወጣቱ፦ መሬቱም ይረጥባል። ከእኔ እግር ሥር ያለው ምንጣፍ ደርቆ አያውቅም።

ጋሼ፦ እሱ ሌላ ፍሳሽ ሊሆን ይችላል። አሮጌ መኪና በአንድ ቦታ ብቻ የሚያፈስበት ጊዜ የለም፤ ሁሉንም አንድ ስም አትስጠው። መጀመሪያ ውኃው ምን እንደሆነ እወቅ። በጣትህ ነክተህ አሽትተው። የሚያሙለጨልጭ፣ ቀለም ያለው፣ ጣፋጭ ነገር የሚሸት ከሆነ ዝናብ አይደለም፤ የራዲያተር ውኃ ነው፣ የማሞቂያው ራዲያተር ወይም ቱቦው ተቀዷል። እንዳትቀምሰው፣ መርዝ ነው። ያን ጊዜ በሩን ስታሽግ ብትውል ሞተርህ ውኃ ጨርሶ ይጋላል እንጂ ምንጣፉ አይደርቅም። ማቀዝቀዣ ያለው መኪና ከሆነ ደግሞ የማቀዝቀዣው ውኃ መውጫ ቱቦ በአቧራ ሲደፈን ወደ ውስጥ ይፈስሳል፤ ያ በበጋም ይመጣል።

ወጣቱ፦ ጧት ጧት ደግሞ መስታወቱ ከውስጥ ላብ በላብ ነው።

ጋሼ፦ እሱን እርሳው። ጋቢው የረጠበ ሰው ሞልተህ ስትመላለስ ውለህ መኪናውን ዘግተህ ታሳድራለህ፤ ያ እንፋሎት በቀዝቃዛው ብረት ላይ ላብ ይሆናል። ሁሉም ቦታ ላይ ጠብ ጠብ ካለ እንፋሎት ነው፤ አንድ መሥመር ይዞ ከወረደ ፍሳሽ ነው። ማታ መስታወቱን ጥቂት ከፈት አድርገህ አሳድር።

ወጣቱ፦ እሺ፣ ዝናብ ከሆነስ? ላቫጆ ወስጄ በፓምፕ ላስመታውና ከውስጥ ሆኜ ልይ?

ጋሼ፦ ኧረ ተው! ፓምፕ ደህናውንም ጎማ አልፎ ይገባል። ያንተ ጠላት ቀስ ብሎ የሚወርድ ዝናብ ነው፤ ፍለጋውም ቀስ ያለ ይሁን። መጀመሪያ መኪናውን አድርቅ። ምንጣፉን አንሳ፣ ከሥሩ ያለውን ስፖንጅ አውጣ፣ ቢቻል የጣሪያውን ልባስ ከጠርዙ ፍታ። ስፖንጁ ሳይወጣ ደርቋል የሚልህን አትመን፤ ላዩ ደርቆ ሆዱ ወር ሙሉ ውኃ ይይዛል፣ ወለሉን የሚበላውም እሱ ነው። ከዚያ የሕፃን ፓውደር ወይም የላመ ኖራ በጠረጠርከው ጠርዝ ላይ ነስንስ። ውኃ የሄደበት መንገድ ፓውደሩ ላይ ተሰምሮ ይታያል።

ወጣቱ፦ ውኃውንስ በምን ላፍስ? ጎማ ቱቦ የለኝም።

ጋሼ፦ ጀሪካን አለህ። ክዳኑን በምስማር ብሳውና አዘቅዝቀህ አፍስስ። ረዳትህ ባትሪ ይዞ ከውስጥ ይቀመጥ፣ አንተ ከውጭ። ከታች ጀምር፤ ከታችኛው የበር ጠርዝ፣ ከዚያ ወደ መስታወት፣ በመጨረሻ ጣሪያ። ከላይ ከጀመርክ ውኃው ሁሉንም እያራሰ ይወርዳል፣ የትኛው እንዳስገባ አታውቀውም። አንድ ቦታ ላይ ደቂቃዎች ቆይ፤ ሩቅ የሚጓዝ ውኃ ወዲያው አይታይም። ቸኩሎ ፍሳሽ ያገኘ ሰው አላየሁም፣ ቸኩሎ ሲሊኮን የለጠፈ ግን ስንት አይቻለሁ። (ይሄኔ ተነስተው ጣሪያውን በጣታቸው ዳበሱ።) ና ወዲህ። ይህን ፖርቶመጋላ ማን ሠራልህ?

ወጣቱ፦ ስገዛው ነበረ። እንዴት?

ጋሼ፦ የተያዘው በጣሪያው አሸንዳ ላይ ነው። አሸንዳ የተሠራው ውኃ ሊያፈስ እንጂ ኩንታል ሊሸከም አይደለም። በርበሬ፣ በቆሎ፣ አንዳንዴም አልጋና ቁም ሣጥን ትጭንበታለህ፤ መንገዱ ሲያነጥረው ፖርቶመጋላው አሸንዳውን ይጎትታል። አሸንዳው ውስጥ፣ ጣሪያውና ጎኑ የሚጋጠሙበት ላይ፣ ፋብሪካው የቀባው ማሸጊያ አለ። ዕድሜው ሲገፋ ይደርቃል፣ ሲጎተት እንደዚህ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ያወጣል። እየው፣ ጥፍሬ ገባ። መብራትህ ጋ የሚወርደው ከዚህ እንደሚሆን እገምታለሁ፤ ፍርዱን ግን ጀሪካኑ ይስጥ።

ወጣቱ፦ ይህን ለሚያህል ስንጥቅ ነው ሰው ጃንጥላ የሚዘረጋው?

ጋሼ፦ የኛ አገር ሐምሌ ስንጥቅ አይንቅም። አሁን በሩን ክፈትና ዝጋልኝ። የጎን በሩ ሲዘጋ ይህ ድምፅ ድሮም ነበረው?

ወጣቱ፦ የለም፣ ረዳቱ እየመታ ስለሚዘጋው ነው። ጎማውንም በናፍጣ ጠርጌዋለሁ፣ እንዲያብረቀርቅ።

ጋሼ፦ ናፍጣ! የበር ጎማ የነዳጅና የዘይት ዘር አይወድም፤ ያብጥና ይልፈሰፈሳል፣ ኋላም ይቀደዳል። በሳሙና ውኃ እጠበው፣ ሲደርቅ ከፋርማሲ የሚሸጠውን ግሊሰሪን በጨርቅ ቀባው። አሁን ብጣሽ ወረቀት አምጣ። በሩ ላይ አድርገህ ዝጋና ሳበው። ያዝ ካደረገ ጎማው ይነካል፤ እንዲህ ሸርተት ብሎ ከወጣ በዚያ በኩል ክፍተት አለ። ዙሪያውን በሙሉ ሞክር። ብዙ ጊዜ ጎማው ሳይሆን በሩ ነው የወረደው፤ ሮለሩ ያልቃል፣ ማጠፊያው ይላላል። በሩን አቅንተህ መቆለፊያው የሚነክሰውን ብረት ጥቂት ወደ ውስጥ ብታስጠጋው አዲስ ጎማ ሳትገዛ ይዘጋል። የሰው አገር ጎማ ከመግዛትህ በፊት ይህን ሞክር።

ወጣቱ፦ የእኔ በርስ? በእሱ በኩል ነው እግሬ ሥር የሚረጥበው።

ጋሼ፦ መስታወት ማንሻው ተሠርቶ ያውቃል?

ወጣቱ፦ አዎ፣ ባለፈው ዓመት። ምን አገናኘው?

ጋሼ፦ ሁሉ ነገር። ስማኝ፤ በር ውስጥ ውኃ መግባቱ ጥፋት አይደለም። ዝናብ በመስታወቱ ጠርዝ በኩል ሁልጊዜ ወደ በሩ ሆድ ይወርዳል፣ ፋብሪካው ያውቀዋል። ስለዚህ ከበሩ ሥር ቀዳዳዎች አበጀ፣ ከልባሱ ጀርባ ደግሞ ላስቲክ ለጠፈ፤ ውኃው ላስቲኩን ተንተርሶ ወርዶ በቀዳዳው እንዲወጣ። ማንሻውን የሚሠራው ሰው ላስቲኩን ቀዶ ይገባል፣ ሲጨርስ ልባሱን ብቻ መልሶ ይገጥማል። ላስቲክ የሌለው በር ውኃውን በቀጥታ ወደ ምንጣፍህ ነው የሚያፈሰው። ልባሱን ፍታ፣ ወፈር ያለ ላስቲክ ቁረጥና በሁለት በኩል በሚጣበቅ የመኪና ጎማ ቴፕ ዙሪያውን ለጥፈው። የታችኛው ጠርዝ ግን ወደ በሩ ሆድ ይግባ፤ ወደ ውጭ ከተንጠለጠለ ድካምህ ከንቱ ነው። ከሥር ያሉትንም ቀዳዳዎች በቀጭን ሽቦ ጥረጋቸው። በበጋ የቃምነው አቧራ በክረምት ጭቃ ሆኖ ይደፍናቸዋል።

ወጣቱ፦ እኔኮ አንዱን ቀዳዳ ዝገት መስሎኝ በማስቲሽ ደፍኜዋለሁ።

ጋሼ፦ ክፈተው፣ ዛሬውኑ። በሩ ባልዲ ሆኖ ነው የሚሄደው። ከፊት መስታወቱ ሥርም፣ የዝናብ መጥረጊያው ያለበት፣ እንዲሁ ነው፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል ሲሞላበት ውኃው መውጫ ያጣና ወደ ፊውዞቹ ይመጣል። ባሕር ዛፍ ሥር የምታሳድር ከሆነ በየሳምንቱ ጥረግ።

ወጣቱ፦ የፊት መስታወቱ ጎማ ላይስ ሲሊኮን ቢቀባ?

ጋሼ፦ ይህ ሲሊኮን አልለቅህ አለ! ልንገርህ። ሱቅ የሚሸጠው፣ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ሲሊኮን ሲደርቅ አሲድ ይለቃል። ቀለሙ የተነሳ ላሜራ ላይ ስትቀባው ውኃውን ለጥቂት ጊዜ ያቆምልህና ከሥሩ ዝገት ያበቅላል። በላዩ ቀለም አይይዝም። ኋላ ደህና ማሸጊያ ልትቀባ ብትል ርዝራዡ አያስይዝህም። ለመታጠቢያ ቤት ጥሩ ነው፤ ለመኪና አካል ፖሊዩረቴን የሚባለው ማሸጊያ አለ፣ ዋጋው ወደድ ይላል፣ ግን አብሮ ይለጠጣል፣ ቀለምም ይቀበላል። መስታወቱ በጎማ የታሰረ ከሆነ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ችግሩ ጎማው ሥር የተደበቀው ዝገት ነው። መስታወቱ ይውጣ፣ ዝገቱ ብረቱ እስኪነጣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈተግ፣ አንቲረስትና ቀለም ይቀባ። ሲመለስ በጎማው ቦይ ውስጥ ጠንካራ ገመድ ዙሪያውን ይግባ፣ ጎማው በሳሙና ውኃ ይራስ፤ አንድ ሰው ከውጭ በመዳፉ ሲገፋ ሌላው ከውስጥ ገመዱን ቀስ እያለ ይሳብ። ከንፈሩ ራሱ ተገልብጦ ይቀመጣል። የተጣበቀ መስታወት ከሆነ ግን አንተም እኔም አንነካውም፣ ለባለሙያው።

ወጣቱ፦ አሸንዳውስ?

ጋሼ፦ ፖርቶመጋላው ይወርዳል። የደረቀው ማሸጊያ ተፍቆ ይወጣል፣ ዝገቱ ይጸዳል፣ አንቲረስት፣ ከዚያ ፖሊዩረቴን፣ ከዚያ ቀለም። ቀዳዳ ካገኘህ ስቱኮ እንዳትሞላበት። ስቱኮ ውኃ ይጠጣል፤ ከላይ ተቀብቶ ያምራል፣ ከሥር ይበሰብሳል። ቀዳዳ የሚደፈነው በላሜራና በብየዳ ነው፣ ከብየዳው በፊትም ባትሪው ይነቀላል። ነገር ግን ይህን ሁሉ አሁን አትሠራውም።

ወጣቱ፦ ለምን?

ጋሼ፦ እርጥብ ብረት ላይ ምንም አይያዝም። ሐምሌ የመፈለጊያ ወር ነው፣ ጥቅምትና ኅዳር የመጠገኛ። አሁን ፖርቶመጋላውን አውርድ፣ ያገኘኸውን ስንጥቅ አድርቀህ በሰፊ የማሸጊያ ቴፕ ሸፍን፣ የበሩን ላስቲክ ለጥፍ፣ ቀዳዳዎቹን ክፈት። እነዚህ ደረቅ ወር አይጠብቁም። በየቦታው ያገኘኸውንም በኖራ ምልክት አድርገህ በስልክህ ፎቶ አንሳ፤ ጥቅምት ሲመጣ ትረሳዋለህ።

ወጣቱ፦ ሰው ሽጠውና ሌላ ግዛ ይለኛል።

ጋሼ፦ በምን ብር? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ከጣለ ወዲህ ያለችውን መያዝ ነው የሚያዋጣው። ይህች ሞተሯ ደህና ነው፣ ልቧ አልሞተም። ወለሉን ግን እንየው። ማዳበሪያ ጭነህባት ታውቃለህ?

ወጣቱ፦ ሰኔ ላይ፣ ጥቂት ኩንታል። አንዱ ከረጢት ተቀዶ ፈሶ ነበር።

ጋሼ፦ ታጠበ?

ወጣቱ፦ ተጠረገ።

ጋሼ፦ መጥረግ አይበቃም። ማዳበሪያ እርጥበት ይስብና ላሜራ ይበላል፤ ውኃ ሲያገኝማ አይጣል ነው። ምንጣፉን ስታነሳ ወለሉን በብዙ ውኃ እጠበው፣ ከዚያ አድርቀው። ተጨማሪ ወንበር ለመግጠም የተበሱ ቀዳዳዎችም አሉ፣ ከጎማው የሚረጨው ጭቃ በእነሱ ይገባል፤ በጎማ ቡሽና በማሸጊያ ይደፈኑ። ከዚያ ካቻቢቴ ይዘህ ከመኪናው ሥር ግባ። በተለይ ወንበሮቹ የታሰሩበትን ብሎን ዙሪያና የጎኑን ተሸካሚ ላሜራ ጠንከር አድርገህ ውጋ።

ወጣቱ፦ ቢበሳስ?

ጋሼ፦ ጣሪያው ቢያፈስ ሰው ይበሰብሳል፣ ያልፋል። ወንበር የያዘ ላሜራ በካቻቢቴ ከተበሳ ግን በአንድ ድንገተኛ ፍሬን ወንበሩ ከነሰዎቹ ይነቀላል። እስኪበየድ ድረስ አንድም ተሳፋሪ አትጫንባት።