ከፍ በተደረጉ ፒካፖች ላይ የሚታይ ንዝረትና ያልተስተካከለ የጎማ መበላት፤ የምርመራ ሥርዓት ለነጌሌ ቦረናና ለደቡብ ቆላ ከተሞች

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ ጽሑፍ ለጭነትና ለአስቸጋሪ መንገድ ሲባል ከፍ የተደረጉ ፒካፖች የሚያሳዩትን ንዝረትና ያልተስተካከለ የጎማ መበላት ይመረምራል። ሁለቱ ችግሮች አብረው ስለሚታዩ እንደ አንድ የመታከም ዕድላቸው ሰፊ ነው፤ ጎማ ይመጣጠናል፣ አልያም አዲስ ይገዛል። ይሁንና መንሥኤያቸው ብዙውን ጊዜ የተለያየ ነው። ጎማው የተበላበት መልክና ንዝረቱ የሚነሣበት ሁኔታ ተለይተው ከተነበቡ፣ በቀላል መለኪያ መንሥኤውን ማግኘት እንደሚቻል ጽሑፉ ያሳያል።

መግቢያ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሐዋሳ፣ በያቤሎና በሜጋ አድርጎ ሞያሌ የሚደርሰው መንገድ አስፋልት ነው። ከዚህ መስመር በስተምሥራቅ የምትገኘው ነጌሌ ቦረና በአዶላና በዋደራ በኩል ከሰሜኑ፣ በፊልቱ በኩል ደግሞ ከዶሎ ጋር ትገናኛለች። ከዋና መንገዶች ወጥቶ ወደ አርብቶ አደሩ መንደር የሚሄድ ፒካፕ ግን ድንጋይ፣ አሸዋና ደረቅ የወንዝ ወለል ይጠብቁታል። ስለዚህ ባለንብረቶች ከኋላ ባሌስትራ ይደርባሉ፣ ከፊት ሞላ ይለውጣሉ ወይም የቶርሽን ዘንግ ያጠብቃሉ። መኪናው ከመሬት ይርቃል፤ የሰስፔንሽኑ ማዕዘኖች ግን በዚያው ይለወጣሉ። ያለጊዜው ያለቀ ጎማ ለባለንብረቱ ወጪ ነው፤ በፍጥነት ላይ ከፈነዳ ደግሞ የተሳፋሪውን ሕይወት ይነካል።

ከፍታ የሚለውጣቸው ማዕዘኖች

እንደ ቶዮታ ሃይሉክስ ባሉ፣ የፊት ጎማዎቻቸው ለየብቻ በሚንቀሳቀሱ ፒካፖች የላይኛው ክንድ ከታችኛው ያጥራል። መኪናው ከፍ ሲል ክንዶቹ ወደ ታች ያዘነብላሉ፤ የጎማው አናትም ወደ ውጭ ይጋደላል። ይህ የካምበር ለውጥ የውጩን ጠርዝ ያስበላል። በዚያው ቅጽበት የሁለቱ ጎማዎች የፊት አቅጣጫ፣ ማለትም ቶ፣ ይዛባል።

ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከፊት ሞላና ወጥ አክሰል ይዞ በተሠራው ላንድ ክሩዘር 79 ግን ሁኔታው ሌላ ነው። አክሰሉ ወጥ በመሆኑ ከፍታ ብቻውን ካምበርን አይለውጥም። የሚቀንሰው ካስተር ነው፤ መሪው ከዞረ በኋላ በራሱ የመመለስ ኃይሉ ይደክማል። አክሰሉን ከጎን የሚይዘው ዘንግም አክሰሉን በትንሹ ወደ አንድ ወገን ይገፋዋል። ስለዚህ በዚህ መኪና ላይ አንድ ጠርዝ ብቻ ተበልቶ ከተገኘ ተጠያቂው ከፍታው ሳይሆን የላላ ኩሽኔታ፣ የተጣመመ አክሰል ወይም የተዛባ ቶ ሊሆን ይችላል።

የጎማውን ገጽ ማንበብ

ሁለቱም ጠርዞች ተበልተው መሐሉ ከቀረ የአየር ግፊቱ ለጭነቱ አንሷል፤ መሐሉ ብቻ ከተበላ ግፊቱ በዝቷል። በቆላው ሙቀት ይህ ንባብ ጥንቃቄ ይሻል፤ የጎማው ሙቀት በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር ግፊቱ በግምት በ0.1 ባር ከፍ ስለሚል፣ ልኬቱ መኪናው ሳይንቀሳቀስ ማለዳ መወሰድ አለበት። ገጹ በየቦታው እንደ ጎድጓዳ ሳህን ከተበላ፣ ጎማው እየነጠረ መሬት እንደሚለቅ ያመለክታል። በጠጠር መንገድ ላይ በተርታ የሚፈጠሩ ሸንተረሮች ያደከሙት አሞርዛተር የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ነው።

የቶ መዛባት በእጅ ይታወቃል። መዳፍ በጎማው ገጽ ላይ ከውጭ ወደ ውስጥ ሲሳብ የሚለሰልስ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ሲሳብ የሚሻክር ከሆነ ጎማዎቹ ከፊት ወደ ውስጥ ዞረዋል፤ ተቃራኒው ከሆነ ወደ ውጭ። እያንዳንዱ ጎማ ከትክክለኛው አቅጣጫ በግማሽ ዲግሪ ቢዛነፍ፣ በ100 ኪሎ ሜትር ጉዞ 870 ሜትር ያህል ወደ ጎን እንደ መጎተት ይቆጠራል። ይህ ጥፋት 77 ሴንቲ ሜትር ቁመት ባላቸው ጎማዎች ላይ በፊትና በኋላ ጠርዞቻቸው መካከል ባለው ርቀት 13 ሚሊ ሜትር ያህል ልዩነት ስለሚፈጥር፣ በሜትርና በሲባጎ ሊለካ ይችላል።

ንዝረቱን ከሁኔታው መለየት

በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ፒካፕ፣ ቁመቱ 77 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጎማው በሰከንድ 9 ጊዜ ያህል ይዞራል። የዲፈረንሻሉ ምጥጥን 4 ቢሆን ኃይል አስተላላፊው ዘንግ 37 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ መጋጠሚያው ክሮቼራ ደግሞ በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ስለሚያፋጥንና ስለሚያዘገይ 73 ጊዜ ያህል ያንቀጠቅጣል። ስለዚህ መሪን የሚያወዛውዝ ዘገምተኛ ንዝረት ወደ ፊት ጎማ፣ ወለልንና ወንበርን የሚያስገመግም ፈጣን ንዝረት ወደ ዘንጉ ያመለክታል።

ዘንጉን የሚያጋልጠው ሌላ ፈተና ጭነት ነው። ባሌስትራ የተደረበበት ፒካፕ ባዶውን ሲሆን ኋላው ይነሣል፤ ዘንጉም ይበልጥ ይዘቀዝቃል። ንዝረቱ ባዶውን ሲሄድ በርትቶ ውኃ ወይም እህል ሲጫን የሚጠፋ ከሆነ፣ ጎማ ማመጣጠን አይፈውሰውም። መታየት ያለበት በሁለቱ ጫፎች ያሉት ማዕዘኖች እኩል መሆናቸው ነው፤ በአክሰሉ በኩል ያለውን በሽብልቅ ማስተካከል፣ ዘንጉ ባለ ሁለት ቁራጭ ከሆነም የመሐል ኩሽኔታውን ዝቅ ማድረግ ያስፈልግ ይሆናል። ከቆመበት ሲነሣ ብቻ የሚሰማ መንቀጥቀጥም ወደዚሁ ኩሽኔታ ይጠቁማል።

ከጋና ወይም ከሐጋያ ዝናብ በኋላ በድንገት የመጣ የመሪ ንዝረት ቀላል መንሥኤ ሊኖረው ይችላል። በቸርኬው ውስጥ የደረቀ 200 ግራም ጭቃ፣ ከመሐሉ በ20 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ቢጣበቅ፣ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የ13 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ኃይል በየዙሩ ይፈጥራል። ቸርኬን አጥቦ መሞከር ከማንኛውም ወጪ ይቀድማል።

የምርመራው ቅደም ተከተል

በመጀመሪያ ቸርኬው ይታጠባል፣ ግፊቱ በቀዝቃዛው ይለካል፣ የጎማዎቹ ገጽ ይመዘገባል። ቀጥሎ መኪናው በክሪክ ተነሥቶና በመደገፊያ ጸንቶ ኩሽኔታ፣ የመሪ ዘንግ ጫፎችና የክንድ ጎሚኒዎች ይፈተሻሉ፤ የላላ ክፍል ባለበት የሚወሰድ የማዕዘን ልኬት አይታመንምና። ከዚያ በኋላ ቶና ካምበር፣ ከኋላም የዘንጉ ማዕዘን ባዶውንና በተለመደው ጭነት ሁለት ጊዜ ይለካሉ። ማስተካከያው መኪናው አብዝቶ በሚሠራበት ጭነት ይደረጋል። ጎማ ማመጣጠንና መለወጥ የመጨረሻው እርምጃ ነው።

ማጠቃለያ

ከፍ የተደረገ ፒካፕ ከፋብሪካ በወጣበት ልክ አይመረመርም። በነጌሌና በአካባቢዋ መኪናው ባዶ ወጥቶ ተጭኖ የሚመለስ በመሆኑ፣ በአንድ ሁኔታ ብቻ የተወሰደ ልኬት የችግሩን ግማሽ ያሳያል። ሁለቱን ልኬቶች ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ባለሙያ አዲሱ ጎማ በአሮጌው መልክ ከመበላቱ በፊት መንሥኤውን ያገኘዋል።