የቲማቲም ሳልሳ በቤታችን

ቲማቲም ሲረክስ ሁላችንም እንገዛለን። ሲወደድ ደግሞ ሁላችንም እናማርራለን። ብዙዎቻችን የማናስበው ግን አንድ ነገር አለ። ይኸውም በርካሹ ጊዜ የገዛነውን ለውዱ ጊዜ ማቆየት እንደሚቻል ነው።

በአንድ ሰፈር የምንኖር አራት ጎረቤታሞች ይህን የተማርነው ከስሕተታችን ነው። በአንድ የጥር ወር ቲማቲም በጣም ረክሶ ስለ ነበር ገንዘብ አዋጥተን አንድ ሣጥን ሙሉ ገዛን። ግማሹን በሳምንቱ በላን። ቀሪውን ፈጭተን፣ ጥቂት አፍልተን በየጠርሙሱ ከደንነው። አንዳንዱ ጠርሙስ ሎሚ ተጨምሮበታል፤ አንዳንዱ አልተጨመረበትም። የትኛው የትኛው እንደ ሆነ ግን ማንም አልጻፈበትም። «ግድ የለም፣ እናስታውሰዋለን» አልን።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ለሽሮ የሚሆን ፈልገን አንዱን ጠርሙስ አወጣን። ክዳኑ ወደ ላይ አብጧል። ስንከፍተው አረፋ ገንፍሎ ወጣ። ከመካከላችን አንዷ ማንኪያ አነሣችና፣

«እማማ፣ እስቲ ልቅመሰው። ካልኮመጠጠ ምን አለበት?» አለች።

እማማ ማንኪያውን ከእጇ ነጠቋት።

«ተይ ልጄ! ያበጠ ነገር አይቀመስም። የቲማቲሙ ዋጋ ይቅር፤ አንቺ ትበልጫለሽ» አሏት።

ሎሚ ያለበትን ከሌለበት መለየት ስላልቻልን የቀሩትንም ጠርሙሶች ሁሉ ጣልን። ገንዘባችንም ድካማችንም ጉድጓድ ገባ። እማማ ምን ያህል ትክክል እንደ ነበሩ የገባን ግን ቆይቶ ምክንያቱን ስንማር ነው።

ቲማቲም ለምን ቶሎ ይበላሻል?

ከአንድ ኪሎ ቲማቲም ውስጥ ከ900 ግራም በላይ የሚሆነው ውሃ ነው። ሻጋታ፣ እርሾና ባክቴሪያ የሚባሉት በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ደግሞ ውሃ ባለበት ቦታ ቶሎ ይራባሉ። ልጣጩ ስስ ስለሆነም በመንገድ ላይ ሲጨፈለቅ መግቢያ በር ያገኛሉ።

በአገራችን በመቂ፣ በዝዋይ (ባቱ) እና በአዋሽ ሸለቆ ቲማቲም በመስኖ በብዛት ይለማል። በበጋ ወራት ምርቱ በአንድ ጊዜ ሲደርስ ገበያውን ያጥለቀልቀዋል። ክረምት ሲገባ ዝናቡና እርጥበቱ የቲማቲም በሽታን ያበዛሉ፤ በመሆኑም ምርቱ ያንሳል፣ ዋጋውም ይወጣል። በላይኛው አዋሽ የሚገኘው የመርቲ ፋብሪካ ለብዙ ዓመታት የቲማቲም ሳልሳ በቆርቆሮ እያሸገ ሲያቀርብ የቆየው በዚሁ አካባቢ ቲማቲም ስለሚለማ ነው። ሳልሳ የሚለውን ቃል ያገኘነው ከጣሊያንኛ ነው። ፋብሪካው በትልቁ የሚሠራውን እኛም በቤታችን በትንሹ ልንሠራው እንችላለን። ነገር ግን ደንቡን ማወቅና መጠበቅ ያስፈልጋል።

ለ5 ኪሎ ቲማቲም የሚያስፈልጉ ነገሮች

- በደንብ የቀላ፣ ያልተጎዳ ቲማቲም 5 ኪሎ
- ግማሽ ሊትር የሚይዙ፣ አፋቸው ሰፊ የሆነ 3 ጠርሙሶች ዝገት ከሌለበት ክዳን ጋር
- በጠርሙስ ታሽጎ የሚሸጥ የሎሚ ጭማቂ 3 የሾርባ ማንኪያ
- ጨው አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ
- የማይዝግ ብረት ድስት፣ ወንፊት፣ ማማሰያ

በአሉሚኒየም ድስት ባንሠራ ይሻላል። የቲማቲሙ ኮምጣጣነት ብረቱን እየበላ ጣዕሙን ያበላሸዋልና።

አሠራሩ

1. እጃችንንና ዕቃውን ሁሉ በሳሙና እናጥባለን። ጠርሙሶቹን በሙቅ ውሃ ውስጥ እናቆያለን። ቀዝቃዛ ጠርሙስ ትኩስ ነገር ሲገባበት ይሰነጠቃል።

2. ቲማቲሙን አጥበን እንለቅማለን። የሻገተ ወይም የበሰበሰ ካለ ጎኑን ቆርጠን ቀሪውን አንጨምርም፤ ሙሉውን እናወጣዋለን። ሻጋታ የቲማቲሙን ኮምጣጣነት ይቀንሰዋል።

3. ቲማቲሙን በፈላ ውሃ ውስጥ ለ1 ደቂቃ ያህል ነክረን ወደ ቀዝቃዛ ውሃ እናዛውረዋለን። ልጣጩ በቀላሉ ይላቀቃል።

4. ቆራርጠን እስኪለሰልስ እናፈላውና በወንፊት እናጠልለዋለን። ፍሬው ይቀራል።

5. ያጠለልነውን ወደ ድስቱ መልሰን፣ ሳንከድን፣ በመጠነኛ እሳት እናበስለዋለን። ግማሽ ያህል እስኪጎድል ድረስ እናማስለዋለን። ወደ መጨረሻው ቶሎ ስለሚይዝ ከአጠገቡ አንለይም። 5 ኪሎው ወደ አንድ ሊትር ተኩል ይወርዳል።

6. በየጠርሙሱ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው እናደርጋለን። ትኩሱን ሳልሳ ከጠርሙሱ አፍ አንድ ጣት ዝቅ አድርገን እንሞላለን። አፉን በንጹሕ ጨርቅ ጠርገን እንከድናለን።

7. በትልቅ ድስት ግርጌ ጨርቅ አንጥፈን ጠርሙሶቹን እናቆማለን። ውሃው ከክዳናቸው በላይ ሦስት ጣት ከፍ ማለት አለበት። ድስቱን ከድነን ውሃው ከፈላ በኋላ 50 ደቂቃ እንቆጥራለን።

8. አውጥተን በጨርቅ ላይ አስቀምጠን ሳንነካው እናሳድራለን። ጠዋት የክዳኑን መካከል በጣት እንጫናለን። ወደ ታች ገብቶ ከቀረ ታሽጓል። ቀጭ ቀጭ ካለ ግን አልታሸገም፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገብተን በሳምንት ውስጥ እንጨርሰዋለን።

ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት ወይም ቃሪያ በጠርሙሱ ውስጥ አንጨምርም። እነዚህ የሳልሳውን ኮምጣጣነት ያሳንሱታል። የሚጨመሩት ወጡ በሚሠራበት ቀን ነው።

ሎሚው ለምን? 50 ደቂቃውስ ለምን?

ቦቱሊዝም የሚባል አደገኛ የምግብ መመረዝ አለ። የሚያመጣው ባክቴሪያ በአፈር ውስጥ ይኖራል። ዘሩ በተራ የፈላ ውሃ አይሞትም። አየር በሌለበት በታሸገ ጠርሙስ ውስጥ ሲመቸው ይራባና መርዝ ይሠራል። መርዙ ዓይንን ያደበዝዛል፣ ምላስን ያስራል፣ መዋጥ ይከለክላል፤ በመጨረሻም ትንፋሽን ሊያቆም ይችላል። እንዲህ ያለ ምልክት የታየበት ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ሕክምና መወሰድ አለበት። መርዙ ያለበት ምግብ ሁልጊዜ አይሸትም፤ ጣዕሙም ላይለወጥ ይችላል። ስለዚህ «ልቅመስና ልየው» ማለት በሕይወት መጫወት ነው። እማማ ማንኪያውን የነጠቁት በከንቱ አልነበረም።

ይህ ባክቴሪያ ኮምጣጣ ነገር ውስጥ አይራባም። ቲማቲም ኮምጣጣ ቢሆንም በድንበሩ ላይ ነው፤ አንዳንዱ በቂ ኮምጣጣነት የለውም። ሎሚውን የምንጨምረው ለዚህ ነው። ታሽጎ የሚሸጠውን ጭማቂ የመረጥነውም ኮምጣጣነቱ ተለክቶ የተዘጋጀ በመሆኑ ነው። ከዛፍ የተለቀመ ሎሚ አንዱ ይበረታል፣ አንዱ ይደክማል። ያለን እሱ ብቻ ከሆነ ሳልሳውን በማቀዝቀዣ አስቀምጠን በሳምንት ውስጥ እንብላው።

ሙቀቱ ደግሞ ሻጋታውንና ሌሎቹን ነፍሳት ይገድላል። እዚህ ላይ ደገኞች ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ውሃ በባሕር ጠረፍ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ግን በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል። በአዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሙቀቱ ስለሚያንስ ጊዜው መርዘም አለበት። እንደ አዲስ አበባ ከ1800 ሜትር በላይ ለሆነ ቦታ ለግማሽ ሊትር ጠርሙስ 50 ደቂቃ ያስፈልጋል። እንደ ድሬዳዋ ዝቅ ላለ ቦታ 45 ደቂቃ ይበቃል።

ጠርሙስ ለሌለን፣ ፀሐይ አለች

ሌላው ዘዴ ውሃውን ማስወገድ ነው። ቲማቲሙን በስሱ ቆርጠን፣ ጥቂት ጨው ነስንሰን፣ በንጹሕ ሰፌድ ላይ ሳይነባበር እንዘረጋዋለን። ዝንብ እንዳያርፍበት በስስ ሻሽ እንሸፍናለን። ማታ ማታ ጤዛ እንዳይመታው ወደ ቤት እናስገባዋለን። በጠራ የበጋ ፀሐይ ጥቂት ቀናት ይፈጃል። ሲጨብጡት እንደ ቆዳ ከተለመጠና እርጥበት ካላወጣ ደርሷል። 10 ኪሎ ቲማቲም ደርቆ ከ1 ኪሎ በታች ይሆናል።

የደረቀውን በጠርሙስ ላላ አድርገን ለአንድ ሳምንት በየቀኑ እናንቀጠቅጠዋለን። ጠርሙሱ ውስጡ ካላበው ገና ነው፤ ወደ ፀሐይ እንመልሰዋለን። የሻገተ ከተገኘ ይጣላል። ለወጥ ስንፈልገው በሙቅ ውሃ እንነክረዋለን፤ ወይም ወቅጠን በሽሮው ላይ እንበትነዋለን።

በመጨረሻ፣ እንጻፍበት

ያን ጊዜ ያከሰረን ቲማቲሙ ሳይሆን አለመጻፋችን ነበር። አራታችንም ማንበብና መጻፍ እያወቅን በማስታወስ ተማምነን ተጎዳን። ዛሬ በየጠርሙሱ ላይ ቁራጭ ወረቀት እንለጥፋለን። «የቲማቲም ሳልሳ፤ ሎሚ የተጨመረበት፤ ጥር 12 ቀን ተሠራ» ብለን ዓመተ ምሕረቱንም እንጽፋለን። ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ እናስቀምጣለን። ቀድሞ የተሠራውን ቀድመን፣ ዓመት ሳይሞላው እንጠቀምበታለን። ያበጠውን፣ የሚያፈሰውን፣ አረፋ ያወጣውን ሳንቀምስ እንጥለዋለን።

ፊደል የቆጠርነው ደብዳቤ ለማንበብ ብቻ አይደለም። በጠርሙስ ላይ የተጻፈች አንዲት መስመርም የቤተሰብን ጤና ትጠብቃለች።

አዳዲስ ቃላት

ሳልሳ፦ በስሎ የወፈረ የቲማቲም ጭማቂ
ማጠለል፦ በወንፊት ማሳለፍ
መመረዝ፦ በመርዝ መጎዳት
መስኖ፦ ውሃን ጠልፎ ማሳ ማጠጣት

ጥያቄዎች

1. ጎረቤታሞቹ ሁሉንም ጠርሙሶች የጣሉት ለምንድን ነው?
2. ያበጠ ጠርሙስ ውስጥ ያለ ምግብ የማይቀመሰው ለምንድን ነው?
3. 20 ኪሎ ቲማቲም ቢኖረን ስንት ግማሽ ሊትር ጠርሙስ ሳልሳ ይወጣናል? ስንት የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ያስፈልገናል?
4. የምትኖሩበት ቦታ ደጋ ነው ወይስ ቆላ? ጠርሙሱን ስንት ደቂቃ ታፈላላችሁ?
5. በቤታችሁ ካሉት የተከደኑ ዕቃዎች በአንዱ ላይ የሚለጠፍ ጽሑፍ አዘጋጁ።